ጅራቱ የጠፋው ውሻ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ ስለ አንድ ፎቶ ላወራችሁ ነው። በጣም አሮጌ ነው፤ መቶ ዓመት ካለፈው ቆይቷል። አንዲት ትንሽ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ኮስተር ብሏል። ከጎኗ ውሻ አለ። የቀሚሷ ዳንቴል፣ የጫማዋ ቁልፍ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። የውሻው ጅራት ግን የለም። ቦታው ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ነው ያለው።

እየቆላው ነበር።

ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ ሲሆን፣ አንድ ምስል ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። በ1851 የመጣው፣ ብርሃን የሚቀበል ኬሚካል በተቀባ እርጥብ መስታወት ላይ ምስል የማንሳት ዘዴም ቢሆን ስቱዲዮ ውስጥ ሴኮንዶች ይጠይቃል። ስለዚህ የሚነሳው ሰው ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ ከኋላው የብረት መደገፊያ ይቆምለታል። ሕፃናትንማ እናቶቻቸው ጨርቅ ተከናንበው ከኋላ ይይዟቸው ነበር። ልጆቹ የሚኮሳተሩት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። ፈገግታን ያን ያህል ይዞ መቆየት ያደክማል፤ እስቲ ሞክሩት።

ውሻን ግን "አትነቃነቅ" ብሎ ማን ያሳምነዋል? ስለዚህ የሚይዘው ልጁ ነው። እነዚህን ፎቶዎች ስታገኙ እጆቹን እዩልኝ። አንዱ ክንዱን ውሻው አንገት ላይ ጠምጥሟል። ሌላዋ ድመቷን ደረቷ ላይ አጣብቃታለች። ፎቶ አንሺው "ጠበቅ አርገሽ ያዣት" ብሎ ይሆናል።

በነገራችን ላይ፣ ውሻው ጥቁር ከመሰላችሁ አትቸኩሉ። የዚያ ዘመን መስታወት ቀይና ቢጫ ቀለምን በደንብ አያይም ነበር። ቀላ ያለ ውሻም ጠቁሮ ይወጣል።

በ1880ዎቹ ደረቁ መስታወት ተስፋፋና ካሜራው ፈጠነ። በ1900 ደግሞ ኮዳክ አሜሪካ ውስጥ ብራውኒ የሚባለውን ካሜራ በ1 ዶላር አወጣ። ያኔ ልጆቹ ራሳቸው ውሻቸውን ማንሳት ቻሉ። ደስ ይላል። እኔ ግን ልቤ ያለው ከዚያ በፊት ባሉት ላይ ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ፎቶውን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሰሞኑን በማጉያ መነጽር ሳየው ነው ግራ እጇን ያስተዋልኩት። ውሻው ፀጉር ውስጥ ገብቷል። ሌላው አካሏ ሁሉ እንደታዘዘችው ቀጥ ብሏል። ጣቶቿ ግን ደብዝዘዋል።

እያሻሸችው ነበር።