ኢንተርቪው ላይ "ሰርተናል" ሳይሆን "ሰርቻለሁ" በሉ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ስራ ኢንተርቪው ነው፣ በተለይ ሁሌ ስለሚመጡት ጥያቄዎች እና እንዴት እንደምንዘጋጅላቸው። ቪዲዮው ትንሽ ይረዝማል ግን ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ኢንተርቪው ያለባችሁ እስክሪብቶና ወረቀት ይዛችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል፣ መሀል ላይ አብረን የምንፅፈው ነገር አለ።

ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት በጣም የምፈልገው አንድ ስራ ነበር፣ ለኢንተርቪው ተጠራሁ፣ ሲቪዬን በቃሌ ነው የማውቀው፣ ገባሁ፣ ሶስት ሰዎች ተቀምጠዋል። "እስቲ ከሰሩት ስራ የሚኮሩበትን አንዱን ይንገሩን" አሉኝ። ጀመርኩ። አሰራሩን ቀየርነው፣ ደንበኞችን አነጋገርን፣ ሪፖርቱን በሰዓቱ አስረከብን፣ ብቻ እንደዛ እያልኩ ሄድኩ። ከሶስቱ አንዷ እየፃፈች ነበር፣ መሀል ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "እሺ፣ ከዚህ ውስጥ እርስዎ የሰሩት የቱን ነው?" አለችኝ። ክው አልኩ። ሰርቼ ነበር እኮ፣ ሌሊት ሁሉ ቁጭ ብዬ የሰራሁት ስራ ነው፣ ግን "እኔ ሰራሁ" ማለት ጉራ ስለሚመስለኝ ሁሉንም በ"እኛ" ነው የተናገርኩት። ስራውን አላገኘሁም። ያቺ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጥ የሰማሁት ድምፅ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ለምን እስክሪብቶዋን አነሳሁት መሰላችሁ፣ ጠያቂዎቹ ፊት ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ ካወቅን የዝግጅታችን ግማሽ እዛ ጋር ስላለቀ ነው። (ስክሪን ላይ፦ የነጥብ መስጫ ወረቀት)

ድሮ ድሮ ቀጣሪ የመሰለውን ነበር የሚጠይቀው። ቶማስ ኤዲሰን፣ የአምፖሉ ኤዲሰን ማለቴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1921 አካባቢ ስራ ፈላጊዎችን ከመቶ በላይ የጠቅላላ እውቀት ጥያቄ ይፈትን ነበር፣ ጥያቄዎቹ ጋዜጣ ላይ ወጥተው ብዙ አነጋግረዋል። ጎግልም በአንድ ወቅት በእንቆቅልሽ አይነት ጥያቄዎች ይታወቅ ነበር፣ በኋላ የሰው ሀይል ሀላፊው ላዝሎ ቦክ በ2013 እነዛ ጥያቄዎች ማን ጥሩ ሰራተኛ እንደሚሆን ምንም እንደማይናገሩ በግልፅ ተናገረ። ተመራማሪዎችም እዚህ ላይ ብዙ ሰርተዋል፣ ፍራንክ ሽሚት እና ጆን ሀንተር የሚባሉ ሁለት የስነ ልቦና ሰዎች በ1998 የ85 ዓመት ጥናት ሰብስበው ሲያዩት ለሁሉም ተወዳዳሪ ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦ መልሱ በነጥብ የሚያዝበት ኢንተርቪው እንደመጣ ከሚወራበት ኢንተርቪው የተሻለ ሆኖ ነው ያገኙት። በ2022 ደግሞ ፖል ሳኬት ከባልደረቦቹ ጋር ቁጥሮቹን እንደገና ሲያሰሉ የብዙ መመዘኛዎች ውጤት ዝቅ ሲል ይሄኛው ከላይ ሆኖ ተገኘ።

ይሄ ለኛ ምን ያደርግልናል ካላችሁ፣ ከፊታችን ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ የተደረደሩ ጥያቄዎች አሉት፣ ከእያንዳንዱ ጎን ነጥብ መፃፊያ አለ፣ ነጥቡን ለመስጠት ደግሞ ከአፋችን የወጣ ማስረጃ ይፈልጋል። "ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መስራት እችላለሁ፣ ጫና እቋቋማለሁ" ስንለው የሚፅፈው ነገር የለውም፣ ከኛ በፊት የገቡትም ይሄንኑ ብለዋል። ስለዚህ ስትዘጋጁ ለያንዳንዱ መልስ ይሄን ጠይቁ፦ ይሄን ስናገር ሰውየው ምን ይፅፋል?

በሉ አሁን እስክሪብቶ አንሱ።

የስራ ማስታወቂያውን አውጡና ግሶቹን ብቻ አስምሩባቸው። ያዘጋጃል፣ ይከታተላል፣ ያስተባብራል፣ ቅሬታ ይቀበላል፣ እንደዚህ የሚሉትን ማለት ነው። ከያንዳንዱ ግስ ጎን "እኔ ይሄን መቼ አድርጌ አውቃለሁ?" ብላችሁ ፃፉና የትዝታ መልስ ስጡ። ከዚህ አምስት ስድስት ታሪክ ይወጣችኋል፣ ከዛ በላይ አያስፈልግም። አንድ ከሰው ጋር ያልተግባባችሁበት፣ አንድ የተሳሳታችሁበት፣ አንድ ጊዜ አጥሯችሁ የጨረሳችሁት፣ አንድ ማንም ሳያዛችሁ የጀመራችሁት ካለበት ብዙውን ጥያቄ ይሸፍናል፣ ምክንያቱም ጥያቄው መልኩን ይቀያይራል እንጂ የሚፈልገው ያንኑ ነው።

ታሪኩን ስትናገሩ በአራት ከፍሉት፣ በእንግሊዝኛው አጠራር ስታር የሚሉት ነው፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ ያንተ ወይ ያንቺ ሀላፊነት ምን ነበር፣ ምን አደረግክ፣ ውጤቱስ። ሰው የሚሳሳተው ሁኔታው ላይ ነው፣ ሶስት ደቂቃ ሙሉ መስሪያ ቤቱ እንዴት እንደነበረ ይተርክና ምን እንዳደረገ ሲደርስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል። መገልበጥ አለበት፣ ሁኔታው በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ቀሪው ያደረጋችሁት ላይ።

ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ንብረት ክፍል የሰራ ሰው እንበል። የመጀመሪያው መልስ፦ "ቆጠራ ላይ ችግር ነበር፣ ተነጋግረን አስተካከልነው።" አለቀ። አሁን ያው ሰው፣ ያው ታሪክ፦ "በየወሩ ስንቆጥር መዝገቡና መደርደሪያው ላይ ያለው እቃ አይገጥምም ነበር፣ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ መፈለግ የኔ ሀላፊነት ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ የወጪ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አመሳከርኩ፣ ማታ የሚወጣው እቃ የሚመዘገበው በማግስቱ ጠዋት እንደሆነ አገኘሁ፣ እቃ ሳይመዘገብ ከበር እንዳይወጣ ለአለቃዬ ሀሳብ አቀረብኩ፣ ፎርሙንም እኔ አዘጋጀሁት። ከዛ በኋላ ባሉት ሶስት ወራት ቆጠራው ገጠመ።"

አመሳከርኩ፣ አገኘሁ፣ አቀረብኩ፣ አዘጋጀሁ። አያችሁ እነዚህን "ኩ" እና "ሁ" የሚሉ መጨረሻዎች? ጠያቂው የሚፅፈው እነሱን ነው። አማርኛችን ላይ "ሰራን" እና "ሰራሁ" በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት፣ ያቺ ፊደል ግን ኢንተርቪው ላይ ስራችሁን ከእጃችሁ ልታስወጣ ትችላለች። አውቃለሁ፣ "እኔ እኔ" ማለት ለብዙዎቻችን አፍ ላይ ይከብዳል፣ ትህትና ጥሩ ነገር ነው እኔም አልጠላውም፣ ግን የሌላውን ድርሻ ለሌላው ሰጥታችሁ የራሳችሁን ለራሳችሁ መናገር ጉራ አይደለም፣ እውነቱን በትክክል ማስቀመጥ ነው። "ፎርሙን እኔ አዘጋጀሁ፣ በየቀኑ እየሞሉ ስራ ላይ ያዋሉት ግን የማታ ፈረቃ ባልደረቦቼ ናቸው" ብትሉ ሁለቱም አለ። በተቃራኒው ያልሰራችሁትን "ሰራሁ" አትበሉ፣ ቀጥሎ "እንዴት?" ብለው ሲጠይቁ ወዲያው ይታወቃል።

ገና የተመረቃችሁ "እኔ ምን ታሪክ አለኝ" ትሉ ይሆናል። አላችሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ የማይመጣ የግሩፕ አባል አልነበረም? ምን አደረጋችሁ? በጎ ፈቃድ ሰርታችሁ፣ ልጅ አስጠንታችሁ፣ የቤተሰብ ስራ ይዛችሁ ከሆነ ተመሳሳዩን አራት ክፍል ተጠቀሙ። "ልምድ የለኝም" ብላችሁ በር ከመዝጋታችሁ በፊት "በስራ ላይ ባይሆንም እንዲህ አይነት ነገር ገጥሞኝ ያውቃል" በሉ።

"እስቲ ስለራስዎ ይንገሩን" ሲባል የህይወት ታሪክ አይደለም የሚፈለገው፣ የት ተወለድኩ ስንተኛ ልጅ ነኝ ምናምን ይቅር። አሁን ምን እየሰራሁ ነው፣ እዚህ ያደረሰኝ ምንድነው፣ ለምን ይሄን ስራ ፈለግኩ፣ በቃ አንድ ደቂቃ ተኩል።

"ደካማ ጎንህ ምንድነው?" ይሄ ጥያቄ ያስፈራል። "ስራ በጣም እወዳለሁ፣ ፐርፌክሽኒስት ነኝ" የሚለውን ተዉት፣ ሰሚው ያውቀዋል፣ ደግሞ እውነት አይደለም። እውነተኛ ድክመት ምረጡ፣ የስራውን ዋና ነገር የሚነካ ግን አይሁን፣ ሂሳብ ለመያዝ እየተወዳደራችሁ ቁጥር ያምታታኛል አይባልም። ከዛ ምን እያደረጋችሁበት እንደሆነ ተናገሩ። "ስራ ለሌላ ሰው ማካፈል ይከብደኝ ነበር፣ አሁን ሳምንቱ ሲጀምር የትኛውን ማን እንደሚሰራው ፅፌ አከፋፍላለሁ፣ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም ግን ለውጥ አለው።" ይሄን የሚል ሰው እኔ አምነዋለሁ።

"ለምን ለቀቅክ?" ሲባል የድሮ አለቃን ማማት የለም፣ በደል ደርሶባችሁም ቢሆን እዛ ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች ሌላውን ወገን አልሰሙም፣ የሚያስቡት "ነገ እኛንም እንደዚህ ያወራል" ብለው ነው። ወደፊት የሚያይ ምክንያት ስጡ። ተባርራችሁ ከሆነ ግን አትዋሹ፣ ባጭሩ የሆነውን ተናገሩ፣ የተማራችሁትን ጨምሩና እለፉ። ስራ ያቆማችሁበት ዓመት ካለም እንደዛው፣ ታምሜ ነበር፣ ሰው እያስታመምኩ ነበር፣ ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

"ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስጨንቃችሁ፣ እዚሁ ሙያ ላይ ምን መማር እንደምትፈልጉ ተናገሩ።

ደሞዝ ላይ ሶስት ቁጥር ፅፋችሁ ሂዱ፣ የምትመኙትን፣ ተገቢ ነው የምትሉትን፣ ከዛ በታች የማትወርዱበትን። እዚያው ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎችን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሲጠይቋችሁ መጀመሪያ "ለዚህ ቦታ የተያዘው መነሻና መድረሻ ስንት ነው?" ማለት ትችላላችሁ፣ ንገሩን ካሉ ግን "በስምምነት" ብቻ ብላችሁ አትለፉት፣ ተገቢ ከምትሉት እስከ ምትመኙት ያለውን ተናገሩና ዝም በሉ። ዝምታው ሲጨንቃችሁ ራሳችሁ ቁጥሩን እንዳትቀንሱት።

መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አለዎት?" ሲሉ "የለኝም" አትበሉ። እኔ የምወደው ጥያቄ "በመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት ከዚህ ሰው ምን ሰርቶ ብታዩ ነው ጥሩ ሰው ቀጥረናል የምትሉት?" የሚለው ነው፣ መልሱ ስራውን ልትወዱት ወይ ልትጠሉት እንደምትችሉም ይነግራችኋል።

ስለ ፍርሀት ደግሞ፣ ልብ ሲመታ "ተረጋጋ ተረጋጋ" ማለት ብዙም አይሰራም። አሊሰን ውድ ብሩክስ የምትባል የሀርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት ከመናገራቸው በፊት ለራሳቸው "ጓጉቻለሁ" ያሉ ሰዎች "ተረጋግቻለሁ" ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። የልብ ምቱ ያው ነው፣ ስሙን መቀየር ነው። ከዛ በላይ የሚረዳው ግን ታሪኮቻችሁን ስልካችሁ ላይ ድምፃችሁን ቀድታችሁ መስማት ነው፣ በቃል መሸምደድ ሳይሆን መስማት፣ ስንት ጊዜ "እኛ" እንዳላችሁ ቁጠሩ። መልስ ቢጠፋችሁም "አንድ ጊዜ ላስብበት" ማለት ይቻላል፣ አምስት ሰከንድ ለናንተ እንጂ ለነሱ ረጅም አይደለም።

ከወጣችሁ በኋላ ወደ ቤት ከመድረሳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ የተጠየቃችሁትን ሁሉ ፃፉ፣ በተለይ የተንተባተባችሁበትን። እኔ የዛን ቀን የፃፍኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፣ "እርስዎ የሰሩት የቱን ነው?" የሚለው፣ በሚቀጥለው ኢንተርቪው በሌላ አነጋገር ተመልሶ መጣ፣ ያን ጊዜ ግን መልሱ ነበረኝ።