የጥርስ ክሊኒክ ሜርኩሪ፣ የድሬዳዋ ሙቀትና የሠራተኛዋ ሆርሞን

(ምስል፦ በትሪ ላይ አንዲት የሜርኩሪ ጠብታ፣ በቅርበት)

ይህቺ ጠብታ የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች። አትሸትም፣ ተኗም አይታይም፤ ግን ካልተነሣች ቀንም ሌሊትም ትተናለች። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ የታፈነ አየር እስከ 14 ሚሊ ግራም የሜርኩሪ ተን ይይዛል። በ30 ዲግሪ ወደ 30 ሚሊ ግራም ይጠጋል። አየሩ የሚንቀሳቀስ ክሊኒክ እዚህ ደረጃ አይደርስም፤ ነገር ግን የሥራ ጤና ባለሙያዎች ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚጠቅሱት ጣሪያ 0.025 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ቀዝቀዝ ያለው ሐረር ያለ ክሊኒክና የደንገጎን ዳገት ወርዶ ሞቃቱ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ ክሊኒክ እኩል ቢጠነቀቁ እንኳ አየራቸው እኩል አይሆንም።

የአማልጋም (የተቦረቦረ ጥርስ የሚሞላበት ብርማ ቅይጥ) ክብደት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ ቀሪው በዋናነት ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ። ታካሚው አፍ ውስጥ ከጠነከረ በኋላ የሚለቀው ጥቂት ነው። ሠራተኛውን የሚያገኘው ሲደባለቅ፣ ሲሞላ፣ ከሁሉም በላይ አሮጌ ሙሌት ሲቦረቦር ነው። ከተነፈሱት ተን 80 በመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ደም ውስጥ ይቀራል።

(ምስል፦ ፒቱታሪና ታይሮይድ ዕጢ)

ከደም ወደ አንጎልና ኩላሊት ይሄዳል፤ ከአንጎል ሥር ያለችው አተር የምታክል ፒቱታሪና አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ ውስጥም ይጠራቀማል። ፒቱታሪ የወር አበባን፣ የወንድ ዘርን፣ ራሱን ታይሮይድን የምታዝ ዕጢ ናት። ታይሮይድ በብዛት የሚያመነጨው ቲ4 የተባለ ሆርሞን በደንብ የሚሠራው ወደ ቲ3 ሲለወጥ ነው። ለዋጮቹ ኢንዛይሞች ሴሌኒየም የተባለ ማዕድን ይዘዋል፤ ሜርኩሪ ደግሞ ሴሌኒየምን አጥብቆ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት፣ በሳምንት 30 እና ከዚያ በላይ አማልጋም የሚያዘጋጁና አሠራራቸው የላላ ሴት ረዳቶች በየወሩ የማርገዝ ዕድላቸው ካልተጋለጡት 63 በመቶው ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። በትንሹ የተጋለጡት ላይ ግን ይህ አልታየም። «አማልጋም ያመክናል» ብሎ ማስፈራራት እንግዲህ ትክክል አይደለም፤ ብዛቱና ዝርክርክነቱ ሲገናኙ ነው ችግሩ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ግን ከመቦርቦሩ ሥራ ማራቅ ይገባል፤ ተኑ በእንግዴ ልጅ አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል።

ብዙዎች የሚሸወዱበት ማስክ ላይ ነው። ተራው የቀዶ ሕክምና ማስክ ብናኝ ይቀንስ እንጂ ተን አያግድም። ለተን ለሜርኩሪ ተብሎ የተሠራ ካርትሪጅ ያለው መተንፈሻ ያስፈልጋል።

አሮጌ ሙሌት ስታወጡ ውኃው ሳይቋረጥ፣ ትልቁ ሳክሽን (መምጠጫ ቱቦ) ጥርሱ አጠገብ ሆኖ፣ ዙሪያውን ቆርጣችሁ በትልልቁ አውጡት፤ አድቅቆ መፍጨት ሙቀትም ተንም ያበዛል። ለአዲሱ በልክ የታሸገ ካፕሱል ብቻ ተጠቀሙ፤ የማደባለቂያውን ክዳን ዝጉ። ትርፍራፊውን አየር በማያስገባ ዕቃ ክደኑ። አማልጋም ያለበት የተነቀለ ጥርስ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) አይገባም። የሳክሽን ቱቦን በበረኪና ማጠብም ክልክል ነው፤ ክሎሪኑ የተጠራቀመውን ሜርኩሪ አሟሙቶ ወደ ፍሳሽ ይለቀዋል።

(ምስል፦ ወለል ላይ የተበተነ ሜርኩሪ፣ በባትሪ ብርሃን)

ከፈሰሰ መጀመሪያ ቬንትሌተሩን አጥፉ። በድሬ ሙቀት ይህን ማለት ይከብዳል፣ ግን ተኑን ክፍሉ ሁሉ የሚያዳርሰው እሱ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ሰው አስወጡ፣ የወርቅ ቀለበትና አምባር አውልቁ፤ ሜርኩሪ ወርቅ ላይ ተጣብቆ ያነጣዋል። መጥረጊያ አይነካውም፣ ጠብታውን ሺህ ያደርገዋል። የኤሌክትሪክ መጥረጊያማ ጭራሽ፦ አሙቆ ይረጨዋል። ባትሪውን ወለል ላይ አጋድማችሁ ስታበሩ ጠብታዎቹ ያብረቀርቃሉ፤ በካርቶን ሰብስቡ፣ በስሪንጅ ሳቡ፣ የቀረውን በፕላስተር አንሡ፤ ሁሉንም አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ከትታችሁ ክደኑ።

ምርመራን በተመለከተ፣ ለተን የሚሆነው የሽንት ምርመራ ነው፤ የደምና የፀጉር ውጤት ዓሣ በመብላትም ይጨምራል። ሽንቱ ክሊኒኩ ውስጥ አይሰብሰብ፣ ዕቃው ከአየሩ ይበከላል። ውጤቱ በክሬያቲኒን (ሽንቱ ምን ያህል እንደቀጠነ በሚያሳየው ንጥረ ነገር) ይሰላ፤ በአንድ ግራም ክሬያቲኒን ከ20 ማይክሮ ግራም ሜርኩሪ ካለፈ አሠራሩን ፈትሹ። ሜርኩሪ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ሁለት ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ ካስተካከላችሁ በኋላ በሳምንቱ አትድገሙት። ቲኤስኤችን (ፒቱታሪ ታይሮይድን የምታዝበትን ሆርሞን)፣ ቲ4ን እና ቲ3ን አብራችሁ ጠይቁ። እንቅርት ካለ ግን ሐኪሙ የአዮዲን እጥረትንም ያስብ። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣትና ቁጡነት በኛ አካባቢ ቶሎ ጫት ላይ ይላከካሉ፤ የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኛ ከሆናችሁ ሥራችሁን ለሐኪሙ ንገሩት።