የአባቴ ቀኝ እግር ጫማ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሰፈሬ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ «ከቤትሽ አንድ አሮጌ ዕቃ ይዘሽ ነይና ስለሱ አውሪን» ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። ይኸው፣ በፌስታል ይዤ መጣሁ። የአባቴ ጫማ ነው። ቁጥር 43፣ ቡናማ ቆዳ፣ ባለ ማሰሪያ። ጥቁር ይመስላል አይደል? እሱ የእኔ ጥፋት ነው። አንዴ ለሊስትሮ ሰጥቼ ስልክ ሳወራ፣ ልጁ ጥቁር ቀለም ለቀለቀው። እጥፋቱን ከፈት አድርጋችሁ ስታዩት ግን ቡናማው አሁንም አለ።

አባቴ አራት ኪሎ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት ቆራጭ ነበር። ቤታችን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ። ጠዋት በደጎል አደባባይ አድርጎ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርዳል። ከዚያ ዳገቱን ይያያዘዋል። ማታም እንደዚያው በእግሩ ይመለሳል። ታክሲ ያዝ ሲባል «እግሬ ምን ሆነና?» ይላል። ሳንቲሙ ለእኛ ደብተር እንደሚሄድ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ይህን ጫማ የገዛው እኔ አንደኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ በ1985 ነው። ሶሉ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ሥራም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶም የሚሄደው በዚሁ ነበር።

እሁድ እሁድ ጊዮርጊስ ስንሄድ የእኔ ድርሻ ጫማ መጠበቅ ነው። አንዋር መስጊድ በር ላይ ያደጋችሁም ይህን ሥራ ታውቁታላችሁ። ሰው ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ጫማ ሌባ ደግሞ ውጭ ሆኖ ነው የሚያስቀድሰው። ደጃፉ ላይ ያ ሁሉ ጫማ ተደርድሮ የአባቴን ከሩቅ እለየው ነበር። የግራው አፍንጫ መሬት ይዞ ይቀመጣል። የቀኙ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ የአባቱን ጫማ ምን ብሎ ይጠይቃል?

አባቴ ሲያርፍ፣ ከአርባው በኋላ እናቴ ልብሱን አከፋፈለች። ኮቱ ለአጎቴ፣ ጋቢው ለነዳያን። ጫማው ለማንም አልሆነም። መጣል ደግሞ ማን ይደፍራል? አልጋ ሥር ገባ። በ2016 ሰፈራችን ሊፈርስ ዕቃ ስንጭን ካርቶኑን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቅርጹ እንዳይበላሽ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ተጠቅጥቆበታል። ለቤቱ ያላወጣሁትን እንባ እዚያ ካርቶን ላይ ጨረስኩት። ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታ መብራቱ ያምራል። የእኛ በር የቱ ጋ እንደነበር ግን ቆሜ ብፈልግም አጣሁት።

የቀኙ ስፌት ለቆ ስለነበር ወደ አንድ ጫማ ሰፊ ወሰድኩት። ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸውን በክር አስረውታል። ወስፌያቸውን አስቀምጠው ጫማውን አገላበጡት። አውራ ጣታቸውን ውስጡ ከተው ዳበሱት።

«የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«ሾፌር ነበሩ እንዴ? ቀኝ እግራቸው ፔዳል የለመደ ነው።»

ክው አልኩ። አባቴ መኪና ነድቶ አያውቅም። የወረቀት መቁረጫው ማሽን ግን ፔዳል ነበረው። ወረቀቱን ቆልሎ ያስተካክላል፤ በእግሩ ሲረግጥ መጫኛው ወርዶ ይይዘዋል፤ ቢላው የሚመጣው ከዚያ ነው። ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል፣ ይለቃል። ቀኑን ሙሉ፣ ቆሞ። ለካ አፍንጫው ቀና ያለው በዚህ ነው! እኔ በልጅነቴ ስጠብቀው የኖርኩትን ጫማ እሳቸው በአንድ ደቂቃ አነበቡት።

ተረከዙ በውጭ በኩል ተበልቶ አልቋል። «ሶሉን ልቀይርልሽ?» አሉኝ። ከዚያ ራሳቸው ትንሽ ዝም ብለው «ለማን?» አሉ። ስፌቱን ብቻ አሰፋሁ። የጠየቁኝ ገንዘብ ከአንድ ማኪያቶ ያንሳል፤ ጨምሬ ብሰጣቸው ተቆጡኝ።

እግረ መንገዴን ስለ አበበ ቢቂላ አንድ ነገር ልበል። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ስለ ባዶ እግሩ ሁላችንም እናወራለን። እኔን የሚያሳስበኝ ያልተደረገው ጫማ ነው። አዲስ ነበር፤ ለእግሩ አልተመቸውም። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ሰዓቱን ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሽሎ ደገመው። ሰውየው ጫማ ጠልቶ አልነበረም እኮ። ያን ቀን እግሩን ከማያውቅ ጫማ የራሱን ቆዳ መረጠ። ጫማ በደንብ እስኪያውቀን ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚልጠን ሁላችንም እናውቃለን።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ይህን ጫማ ሞከረው። 16 ዓመቱ ነው፤ እግሩ እንደ አያቱ 43። ልክክ አለለት። ደስ ብሎኝ ስልኬን አወጣሁ፣ ፎቶ ላነሳው። ሳሎን ውስጥ ሦስት እርምጃ ሄደና ቆመ። «እማዬ፣ ግራው ሰላም ነው። ቀኙ ግን እዚህ ጋ ይቆረቁረኛል» አለና አውልቆት በስኒከሩ ወጣ። እኔም ጋዜጣውን መልሼ ጠቀጠቅኩበት።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ማየት የምትፈልጉ ቅረቡ፣ ንኩት። ቀኙን ግን ቀስ አድርጋችሁ፤ ክሩ አዲስ ነው።

አመሰግናለሁ።