ሊያልቅ ሲል የሚወጣው ቢጫ ባንዲራ

ስለ አሜሪካው የመኪና ውድድር ስለ ናስካር ከደወላችሁልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ውድድሩ ሊያልቅ ሲል የሚወጣውን ቢጫ ባንዲራ የሚመለከቱ ናቸው። አራቱን መርጠናል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከአትላንታ የደወለ የታክሲ ሹፌር፦ «አንዳንዴ መጨረሻ ላይ ቢጫ ሲወጣ ዙር ይጨመራል። አንዳንዴ ደግሞ እዚያው አለቀ ይባላል። ምንድን ነው ነገሩ?»

ወንድሜ፣ ነገሩ ያለው ነጩ ባንዲራ ላይ ነው። ቢጫ ማለት መንገዱ ላይ አደጋ አለ፣ ቀስ በሉ፣ አትቀዳደሙ ማለት ነው። ነጭ ማለት አንድ ዙር ቀረ ማለት ነው። መሪው ነጩን ሳያገኝ ቢጫ ከወጣ፣ መንገዱ ተጠርጎ 2 ዙር ይጨመራል። በጭማሪውም ነጩ ሳይውለበለብ ከተጋጩ እንደገና ይጨመራል። መሪው ነጩን ካለፈ በኋላ ቢጫ ከወጣ ግን አበቃ። ቢጫው መብራት ሲበራ ፊት የነበረው አሸናፊ ነው። በ2024 የናስካር ትልቁ ውድድር በሆነው ዴይቶና 500 ዊልያም ባይረን እንዲህ ነው ያሸነፈው። ከኋላው ግጭት ተነሳ፣ እሱ ነጩን እንዳለፈ ቢጫው በራ፣ አሌክስ ቦውማንን በትንሹ ቀድሞ ተገኘ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እስከ 2003 ድረስ ቢጫ ወጥቶም እስከ መስመሩ ይሽቀዳደሙ ነበር። በዚያው ዓመት ኒው ሃምፕሻየር ላይ የዴል ጃሬት መኪና ተጋጭታ መንገዱ ላይ ቆመች። ሌሎቹ በዚያ ፍጥነት አጠገቧ ሲያልፉ ያየ ሁሉ ደነገጠ፤ ልማዱም ቀረ። በ2004 ታላዴጋ ላይ ደግሞ ጄፍ ጎርደን በቢጫ ሲያሸንፍ፣ ተናዳጁ ተመልካች የቢራ ጣሳ መንገዱ ላይ ወረወረ። ጭማሪው ዙር የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ጣሳው ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ከሻርሎት የደወለች አድማጭ፦ «ዴኒ ሃምሊንን ዋንጫ ያሳጣው ቢጫው ነው ወይስ ጎማው?»

ሁለቱም። ግን እኔ ጎማው ይብሳል ባይ ነኝ። በ2025 የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ፊኒክስ ላይ ነበር፤ ዋንጫው ለፍጻሜ ከቀሩት አራት ሰዎች ሦስቱን ቀድሞ ለጨረሰው ነው። ሃምሊን 208 ዙር መርቷል። 3 ዙር ሲቀር የባይረን ጎማ ፈነዳና ግድግዳ መታ። ቢጫ! ሁሉም ጎማ ሊቀይር ገባ። የሃምሊን ቡድን 4ቱንም ቀየረ፤ የካይል ላርሰን ቡድን 2 ብቻ። ላርሰን 5ኛ ሆኖ ሲነሳ ሃምሊን 10ኛ ሆነ። በ2 ዙር ያን ሁሉ መኪና ማለፍ ዘበት ነው። ላርሰን በዕለቱ አንድም ዙር ሳይመራ ሻምፒዮን ሆነ። ውድድሩን ያሸነፈው ደግሞ ራያን ብሌኒ ነው፤ እሱ ግን ለዋንጫው ከቀሩት አራቱ ውስጥ አልነበረም።

ባይረን የላርሰን የቡድን ጓደኛ ስለሆነ «ሆን ብሎ ነው» ያላችሁ አላችሁ። ኧረ ተዉ! ባይረን ራሱ ለዋንጫው ከቀሩት አራቱ አንዱ ነበር።

ከዴንቨር፦ «ሆን ተብሎ ተደርጎ አያውቅም ማለት ነው?»

ሪችመንድ፣ 2013። 7 ዙር ሲቀር የክሊንት ቦውየር መኪና ዞረ። ቢጫ ወጣ። ይመራ የነበረው ራያን ኒውማን ድሉ አመለጠው፤ ለዋንጫ ከሚፎካከሩት 12 ሰዎችም ውጭ ሆነ። በሱ ፈንታ የገባው የቦውየር የቡድን ጓደኛ ማርቲን ትሩክስ ነው። ናስካር የቡድኑን የሬዲዮ ንግግር መረመረና 300,000 ዶላር ቀጣ። ትሩክስን አስወጥቶ ኒውማንን መለሰ። በኋላ ጄፍ ጎርደንን 13ኛ አድርጎ ጨመረ። ቦውየር ሆን ብሎ ስለማዞሩ ግን ማረጋገጫ አልተገኘም።

በጽሑፍ የደረሰን፦ «የ2007ቱን ዴይቶና ረሳችሁት?»

ማን ይረሳል! በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ከኋላ መኪና በመኪና ላይ ተከመረ፤ ቢጫው ግን ዝም አለ። ኬቨን ሃርቪክ ማርክ ማርቲንን በ0.020 ሰከንድ ቀደመ። ቢጫው ቶሎ በርቶ ቢሆን፣ ማርቲን ፊት እያለ ውጤቱ ሊቆም ይችል ነበር። ያኔ 48 ዓመቱ ነበር፤ ዴይቶና 500ን አሸንፎ አያውቅም። ለተመልካች ድንቅ አጨራረስ ነው፤ አይካድም። እኔ ብሆን ግን መብራቱን ወዲያው አበራው ነበር። አንዱ መኪና እሳት ይዞት፣ በጣሪያው እየተንሸራተተ ነው መስመሩን ያለፈው። ውስጡ የነበረው ማን መሰላችሁ? ያው ክሊንት ቦውየር።