«ስሙን ሰምቼው አላውቅም»

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ያኖርኩትን ነገር ልነግራችሁ ነው። ዓመት ስጠራ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እዚሁ ኮሎምበስ ኦሃዮ፣ የአንድ ወዳጃችን ልጅ ተመርቆ ድግሱ ላይ ተቀምጠናል። ምሳ ተበልቶ ቡናው በረካ ላይ ደርሷል። ወሬው እንደተለመደው ወደ ልጆች ዞረ፤ የማን ልጅ የት ገባ፣ ምን ያጠናል። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ የልጄን ኮሌጅ ስም ተናገርኩ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ፣ በጣም የማከብራቸው አንድ አባት ትንሽ አሰቡና «ስሙን ሰምቼው አላውቅም» አሉኝ። ክፉ አስበው አይደለም፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ፊቴ ጋለና «ለጊዜው ነው፣ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ትዛወራለች» አልኩ።

ውሸቴን ነበር። ልጄ ደግሞ ቡና የምታዞረው እሷ ነበረች። ሰማችኝ። ሲኒዬን ሰጠችኝና ምንም ሳትናገር አለፈች።

ማታ ቤት ስንገባ አንድ ጽሑፍ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ለታሪክ ትምህርት የጻፈችው ነው፤ ስምንት ገጽ። ዳርና ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል። መምህሯ በእያንዳንዱ አንቀጽ አጠገብ ጥያቄ ጽፈዋል፣ የተጣመመውን አቃንተዋል፣ የወደዱትን አስምረውበታል። አምስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አነበብኩ፦ «እዚህ ላይ ምን ማለት እንደፈለግሽ ገብቶኛል፤ ግን አልጻፍሽውም። ነገ ቢሮዬ ነይና እንነጋገርበት።» ልጄ «ክፍላችን ውስጥ አሥራ አራት ነን። ሁላችንንም እንዲህ ነው የሚያርሙን። አልዛወርም እማዬ» አለችኝ።

እኔ ደሴ ስማር አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ነበርን። አሥራ አራት ልጅ ለአንድ መምህር ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል።

ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚሉት ይህንን ነው። በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚሰጥ፣ ኬሚስትሪ የሚያጠናው ልጅ ታሪክም ሙዚቃም ፍልስፍናም አብሮ እንዲያነብ የሚያስገድድ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያርመው የዶክትሬት ተማሪ ነው። እዚህ ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው እርሳሱን የሚይዘው። እነዚህ ኮሌጆች ታዲያ ለወላጅ መጽሔት ይልካሉ። ውስጡ ማን መጽሐፍ አሳተመ፣ የትኛው ተማሪ ተሸለመ፣ የትኛው ምሩቅ ተሾመ የሚሉ ገጾች አሉበት። ድሮ ሳልከፍተው ነበር የምጥለው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ፤ በዕድሜ የገፉት ምሩቃን ያሉት እዚያ ነው። ትንሽ ትምህርት ቤት ምን እንዳፈራ የሚታወቀው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነውና።

እንዲህ ስቆፍር ነው መስኪንገም የሚባለውን ኮሌጅ ያገኘሁት። ከቤቴ ወደ ምሥራቅ በሀይዌይ 70 ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ቢነዳ ኒው ኮንኮርድ የምትባል መንደር አለች፤ ጥቂት ሺህ ሰው ነው የሚኖርባት። ኮሌጁ እዚያ ኮረብታ ላይ ነው፤ የተመሠረተው በ1837 ነው። ዩኒቨርሲቲ መባል የጀመረው በ2009 ነው። በመንገዱ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ፤ ምልክቱን አንድ ቀን እንኳ አንብቤ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሄድኩ።

የዚህች መንደር ልጅ የሆነ ዊሊያም ሬይኒ ሃርፐር የሚባል ብላቴና በ1870፣ በ14 ዓመቱ ገደማ ከዚህ ኮሌጅ ተመረቀ። በምረቃው ቀን ንግግር ያደረገው በዕብራይስጥ ነበር። ይህን ሳነብ ዳዊት ደግመው፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቆጥረው ጉባኤ ፊት የሚቆሙት የአገሬ የቆሎ ተማሪዎች ናቸው ፊቴ ላይ የመጡት። ልጁ አድጎ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ለኦስካር አራት ጊዜ የታጨችው ተዋናይት አግነስ ሙርሄድ ከዚህ የተመረቀችው በባዮሎጂ ነው። ከፎርድ ቤተሰብ ውጭ የፎርድን ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ፊሊፕ ካልድዌልም የዚህ ምሩቅ ነው። ልጆቻችሁን ወደ ኮሎምበስ መካነ እንስሳት የወሰዳችሁ ሁሉ የምታውቁት፣ ለዓመታት ዳይሬክተሩ የነበረው ጃክ ሃናም እንዲሁ፤ ተማሪ ሳለ ማደሪያ ክፍሉ ውስጥ ዳክዬ አስቀምጦ ከኮሌጁ ጋር ተጣልቶ ነበር ይባላል። ጆን ግሌንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየካቲት 1962 ምድርን ሦስት ጊዜ ዞረ። ትምህርቱን አቋርጦ ለጦርነት የሄደ ተማሪ ስለነበር ዲግሪውን ያገኘው ከጠፈር ከተመለሰ በኋላ ነው።

እኔ ግን ልቤ የቀረው ባለቤቱ ዘንድ ነው። አኒ ግሌን ከመስኪንገም በ1942 ተመረቀች፤ ሙዚቃ ነው ያጠናችው። ኦርጋን ትጫወት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ደግሞ ክፉኛ ትንተባተብ ነበር። ታክሲ ስትይዝ የምትሄድበትን ወረቀት ላይ ጽፋ ለሾፌሩ ትሰጣለች። ልጇ ሚስማር ረግጣ ደሟ ሲፈስ ስልክ አንሥታ እርዳታ መጥራት አቅቷት፣ የሚደውልላት ጎረቤት ፍለጋ ሮጣለች። ባሏ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ፊት ገጽ ላይ ሲወጣ እሷ የጋዜጠኛ ማይክራፎን ስታይ ምን ይሰማት እንደነበር አስቡት።

በ1973፣ 53 ዓመቷ ላይ፣ ቨርጂኒያ ሮአኖክ ሄደች። እዚያ ሆሊንስ የሚባል ትንሽ የሴቶች ኮሌጅ አለ። በዚያ ኮሌጅ የሥነ ልቦና መምህር የነበረው ሮናልድ ዌብስተር ለሚንተባተቡ ሰዎች የሦስት ሳምንት ትምህርት አዘጋጅቶ ነበር፤ ድምፅን ከአወጣጡ ጀምሮ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ አዲስ መማር። አኒ ሦስቱን ሳምንት ጨርሳ ለባሏ ስልክ ደወለች። ጆን ግሌን ስልኩን ይዞ አለቀሰ ይባላል። ከዚያ በኋላ ሕዝብ ፊት ቆማ ንግግር የምታደርግ ሴት ሆነች፤ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በንግግር ሕክምና ክፍል እስከ ማስተማር ደረሰች። በ2020፣ በ100 ዓመቷ ነው ያረፈችው። እንግዲህ የአንዱን ትንሽ ኮሌጅ ምሩቅ የሌላው ትንሽ ኮሌጅ መምህር እንዲህ አነሣት።

ለምን እንዲህ እንደነካኝ ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ ይንተባተብ ነበር። ያ ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ ወንድሜ መልሱን ያውቃል፤ አፉ ግን የመጀመሪያው ፊደል ላይ ይያዛል። «ለ… ለ… ለ…» ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። መምህሩ «ተቀመጥ፣ ሌላ ሰው» ይላሉ። ያቺን «ተቀመጥ» ስንት መቶ ጊዜ እንደሰማት እግዚአብሔር ይወቅ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወ። ዛሬ እጁ የተባረከ አናጺ ነው፤ የሠራልኝ ጠረጴዛ አሁን ይህን የምቀርጽበት ነው። ስልክ ስንደዋወል ግን ዛሬም የመጀመሪያዋን ቃል እስኪያወጣ ዝም ብዬ እጠብቀዋለሁ። መምህሩንም አልወቅስም፤ ለሰባ ልጅ አንድ ሰው ነበሩ። ግን ሰባ ሳይሆን አሥራ አራት ቢሆኑ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። የመስኪንገም ሰዎች መማር በልዩ ልዩ ምክንያት ለሚከብዳቸው ተማሪዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለብቻው የተዘጋጀ ድጋፍ እንዳላቸው ባነበብኩ ጊዜ የወንድሜን ፎቶ አውጥቼ አየሁት።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው ልምጣ። እስካሁንም ወደዚህ ነበር የምሄደው።

በ1920ዎቹ ከኢትዮጵያ የተላኩ ሦስት ወጣቶች እዚያ ኮረብታ ላይ ተምረዋል። በሻህውረድ ሀብተወልድ፣ ወርቁ ጎበና እና መላኩ በያን። ኮሌጁ የዩናይትድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በ1919 ሚሲዮናዊውን ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢን ወደ ወለጋ የላከችውም ይህችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ዝምድናውን መገመት አያዳግትም። ስማቸውን ሳይ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ከወሎ የተነሣው የእኔው አገር ልጅ መላኩ፣ እኔ ዛሬ በመኪና አንድ ሰዓት የምነዳበት መንደር ውስጥ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በበረዶ ይመላለስ ነበር!

መላኩ በያን ከኦሃዮ ወደ ዋሽንግተን ሄዱና በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1935 ዶክተር ሆኑ። ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶረቲ ሃድሊን አገቡ። በዚያው በ1935 ጣሊያን ወረረን። ዶክተር መላኩ አገራቸው ተመልሰው በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ። በ1936 የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል ሆነው ወደ አሜሪካ ተመለሱ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየአዳራሹ እየቆሙ ስለ ኢትዮጵያ ተናገሩ፣ ለስደተኞቻችን ገንዘብ አሰባሰቡ። ነሐሴ 1937 ኒው ዮርክ ላይ፣ ጥቁር ሕዝቦችን ለኢትዮጵያ ድጋፍ የሚያሰባስበውን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን መሠረቱ። «የኢትዮጵያ ድምፅ» የሚል ጋዜጣም አወጡ። ሻሸመኔ ላይ ለጥቁር ወገኖቻችን የተሰጠው አምስት ጋሻ መሬት የተሰጠው በዚህ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ዛሬ ሻሸመኔ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ የምናየው የጃማይካ ሽማግሌ የመንገዱ አንድ ጫፍ ኒው ኮንኮርድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰውነታቸው ግን አልቻለም። በሜይ 1940 በሳንባ ምች ሞቱ፤ 40 ዓመታቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ከዓመት በኋላ ነው፤ ዶክተር መላኩ አላዩትም።

የትምህርት ቤት መጽሔት እንዲህ ያለውን ሰው በየትኛው ገጽ ያስገባዋል? ሹመት የለም፣ ሽልማት የለም፣ የተጠራቀመ ሀብት የለም። እኔ ብሆን ከጠፈርተኛውም ከዳይሬክተሩም በፊት አስቀድመዋለሁ። እኛ ኮሎምበስ ያለን ሰዎች ደግሞ ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ በሺህ የምንቆጠር ሆነን በየሳምንቱ መጨረሻ በዚያ መንገድ እናልፋለን፣ ልጆቻችንን ግን አንድ ቀን አቁመን «እዚህ የእኛ ሰው ተምሮ ነበር» አላልናቸውም። በዚህ የበጋ ወቅት አንድ ቅዳሜ ምሳችንን ቋጥረን ብንሄድ ምን ይመስላችኋል? እኔ መንገዱን አሳያለሁ።

እዚያ የሄድን ቀን ከልጄ ጋር ኮረብታው ላይ ወጥተን ከታች ያለችውን ትንሽ ሐይቅ ስናይ ቆየን። «ትቆጪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ያን ቀን በቡናው ላይ» አልኳት። «አልቆጣሁም እማዬ፤ አፈርሽብኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት» አለች። ያለቀሰች መሆኗን አላወቅሁም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እጄን ይዛ እስከ መኪናው ወረድን።

በመጪው ወር ትመረቃለች። የመጥሪያ ካርዱን ትናንት ከማተሚያ ቤት አመጣሁ። የኮሌጁ ስም ከስሟ በታች በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፏል፤ በትልቁ። ለእኚያ አባት የሚደርሰውን ለብቻው አድርጌ ነጠላዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ በእጄ እሰጣቸዋለሁ።

ደህና ሰንብቱልኝ።