ዳገት መሃል ሞተሯ ስትጠፋ

የተከበራችሁ የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፣

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከነቡትሳችሁ፣ ከነአቧራችሁ ነው የገባችሁት። ደስ ይላል፤ ቤታችሁ ነው።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርባል። ሒሳቡ የገንዘብ ያዣችን ድርሻ ነው። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። በቀጭን የተራራ መንገድ ላይ፣ ዳገቱ መሃል ሞተሯ ስትጠፋ ምን እናደርጋለን?

ዳገት ስለ መውጣት ሁላችንም እናወራለን። ቪዲዮ የምንቀርጸውም ያንኑ ነው። ያቃተንን ዳገት ግን ማንም አይቀርጸውም። እኔ በዓይኔ ካየኋቸው ከባድ አደጋዎች አብዛኞቹ የደረሱት ግን እዚያ ነው። ሰው መውጣት አቅቶት መመለስም ሳይችል ሲቀር።

አንዱን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ጀማሪ ጓደኛችን ጋር ወጣሁ። ረዥም ዳገት ገጠመን። ስፋቱ ከመሪ ብዙም አይበልጥም። ግራው ግድግዳ፣ ቀኙ ገደል፣ መሬቱ ልቅ ድንጋይ። ጓደኛችን ቆሞ አየውና «ይሄ እንኳን ለኔ አይመስለኝም» አለኝ። እኔ ምን አልኩት? «አይዞህ፣ ነዳጅ ስጣት፣ ራሷ ትወጣለች።»

ግማሹን በደንብ ወጣ። ከዚያ የኋላ ጎማው ድንጋይ ላይ ተንሸራተተና ሞተሯ ጠፋች። ደንግጦ ፍሪሲዮኑን ጨበጠ። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። የፊት ፍሬኑን ያዘ፤ አልቆመችም። ቀኝ እግሩን መሬት ላገኝ ብሎ ዘረጋ። በዚያ በኩል መሬት አልነበረም። እሱን ቁጥቋጦ ያዘልን። ሞተሯ እስከ ታች ተንከባለለች። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ነበር። ተሸክመን እስክናወጣው ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። እንዴት እንደሚወጣ ነግሬዋለሁ፤ እንዴት እንደሚቆም አላስተማርኩትም። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። እሱ ራሱ «ለኔ አይመስለኝም» ብሎኝ ነበር። ልክ ነበር። አልሰማሁትም።

እስቲ ያ ዳገት ላይ የሆነውን ቀስ ብለን እንየው። ዳገት ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። የፊት ጎማው ይቀላል። ስለዚህ የፊት ፍሬን ብትይዙም ጎማው ተቆልፎ ወደ ኋላ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። መያዝ ያለበት የኋላው ነው። የኋላ ፍሬን ደግሞ በቀኝ እግር ነው፤ ያ እግር በዚያ ሰዓት መሬት ፍለጋ ላይ ነው። ታዲያ ምን ይያዝ? መልሱ ጣታችን ሥር ነው። ሞተሯ ጠፍታ ማርሽ ውስጥ ካለች፣ ፍሪሲዮኑ ካልተያዘ፣ ሞተሩ ራሱ የኋላ ጎማውን ይቆልፈዋል። ፍሪሲዮኑን በጨበጣችሁ ቅጽበት ያንን ቁልፍ ፈታችሁት ማለት ነው። የእጃችን ልማድ ደግሞ በድንጋጤ መጨበጥ ነው። ይህን ልማድ በወሬ ማስለቀቅ አይቻልም። በልምምድ ብቻ ነው።

ከቆማችሁ በኋላ ችኮላ የለም። ትንፋሽ ውሰዱ። ግድግዳው ባለበት በኩል ውረዱ፤ ገደሉ ባለበት በኩል በፍጹም። ከዚያ ፍሪሲዮኑን እንደ ፍሬን ተጠቀሙበት። ትንሽ ጨበጥ፣ ትንሽ ለቀቅ እያደረጋችሁ፣ መሪውን አዙራችሁ፣ የኋላውን ጎማ ጥቂት ጥቂት ወደ ኋላ ውሰዱት። ሞተሯ ዳገቱን አቋርጣ ስትቆም የፊቱን ወደ ቁልቁለቱ ታዞራላችሁ። መንገዱ ለዚያ ከጠበበ፣ ወደ ግድግዳው በኩል በቀስታ አስተኟትና ጎማዋን ጎትታችሁ አዙሯት። የኢንዱሮ ሞተር፣ ማለትም እንዲህ ላለው አስቸጋሪ መንገድ የተሠራ ሞተር፣ 100 ኪሎ ገደማ ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያም ያልፋሉ። ወገባችሁን ሳይሆን ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አንሱ። ሁለት ሰው ሲሆን ደግሞ ሥራው ቀላል ነው። ለዚህ ነው ብቻችሁን አትውጡ የምላችሁ።

መመለስ ማለት መውረድ ነው፤ እሱም የራሱ ጥበብ አለው። አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ከመርገጫው ላይ ቁሙ። ጉልበታችሁ ሞተሯን ይቀፍ፣ ወገባችሁ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ክንዳችሁ ግን ተወጥሮ አይድረቅ። ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ነዳጅ ሲዘጋ ራሱ በደንብ ይይዛል። ባለ ሁለት ስትሮኩ ብዙም አይይዝም፤ ስለዚህ ፍሬኑ ላይ ሥራ ይበዛበታል። ባለ ሁለት ስትሮክ የምትነዱ አንድ ነገር አትርሱ። በብዙዎቹ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚገባው። በረዥም ቁልቁለት ነዳጁን ሙሉ ለሙሉ ዘግታችሁ ማርሽ ውስጥ ከወረዳችሁ ፒስተኑ ዘይት ይጠማዋል። በየመሃሉ ትንሽ ትንሽ ስጧት።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እያልን ነው ያደግነው። ተራራ ላይ ይህ ተረት ይገለበጣል። ገደሉን ትክ ብሎ ያየ ወደ ገደሉ ይሄዳል። ዓይን ያረፈበት ቦታ ጎማውን ይጎትተዋል። ገደሉ መኖሩን ከመነሳታችሁ በፊት እወቁ፤ ከተነሳችሁ በኋላ ግን ማየት ያለባችሁ መሄድ የምትፈልጉበትን ቦታ ነው።

አንዳንድ ወጣት አባላት «መመለስ ሽንፈት ነው» ይላሉ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ለነሱ የኤርዝበርግን ታሪክ ልንገራቸው። ኦስትሪያ ውስጥ አይዘንኤርዝ የምትባል ከተማ አጠገብ የብረት ማዕድን የሚወጣበት ተራራ አለ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1995 ጀምሮ የሞተር ውድድር ይካሄድበታል። ለዋናው ቀን 500 ሰው ይሰለፋል፤ የተሰጠው ጊዜ 4 ሰዓት ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መጨረሻ የሚደርሰው በጣት የሚቆጠር የሆነባቸው ዓመታት አሉ። በ2015 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አራት የዓለማችን ምርጥ ነጂዎች ከፊት ይመሩ ነበር። ጆኒ ዎከር፣ ግራሃም ጃርቪስ፣ አንድሪያስ ሌተንቢችለርና አልፍሬዶ ጎሜዝ። አንድ ዳገት ላይ ደረሱ። ማንም ብቻውን ሊወጣው አልቻለም። አራቱም ሞተር ጎተቱ፣ ገፉ። አንዱ የሌላውን ሞተር ይዞ አወጣ። በመጨረሻም አራቱም አብረው ገቡ፤ አራቱም አሸናፊ ተባሉ። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። እነዚያ ሰዎች «ይሄ ብቻዬን ለኔ አይሆንም» ማለት አላሳፈራቸውም። ያ ጀማሪ ጓደኛችንም ያለኝ ይሄንኑ ነበር።

ነገሩ መንገዱንም ይመለከታል። ያቃተንን ዳገት አስር ጊዜ ስንሞክረው ጎማችን መሬቱን ይቦረቡራል። ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ ያንን ቦይ መንገዱ ያደርገዋል። ዳገቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ውሃው ፍጥነት አለው፤ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣ ሰው ቦዩን ሸሽቶ በጎን ያልፋል፤ መንገዱ ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ ሦስት። ከዚያ ባለመሬቱ ይመጣና ይዘጋዋል። እውነት ለመናገር፣ አልፈርድበትም። ኮቴያችን ከባድ ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ መሬቱ እስኪጠነክር መቆየትም የዚሁ አካል ነው።

ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው ሦስት ሐሳብ ለጉባኤው ያቀርባል፤ ተወያዩበት። አንደኛው፣ ማንም አዲስ አባል ከቡድን ጋር ተራራ ከመውጣቱ በፊት፣ መካከለኛ ዳገት ላይ ሞተሯን አጥፍቶ፣ ቆሞ፣ አዙሮ መመለስን በሁለት ልምድ ባላቸው አባላት ፊት ያሳይ። ሁለተኛው፣ አንድን ዳገት ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያቃተው ሰው ይመለስ ወይም ሌሎች ይርዱት፤ ሦስተኛ ሙከራ አይኖርም። ይህኛው ላይ ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። እሰማለሁ፤ ግን ድምፄን ለዚህ ነው የምሰጠው።

ሦስተኛው የቡድን ሥርዓታችን ነው። የፊተኛው ሰው ዳገቱን ጨርሶ እጁን እስኪያነሳ የሚቀጥለው አይግባ፤ ሞተር ወደ ኋላ ስትመጣ ከሥሯ ሰው መኖር የለበትም። የሚወጣና የሚወርድ ከተገናኙ የሚወርደው ይቁም፤ ዳገት መሃል የቆመ ሰው እንደገና መነሳት ይከብደዋልና። መንገድ በተከፈለ ቁጥር እያንዳንዱ ከኋላው ያለውን በዓይኑ ሳያይ አይንቀሳቀስ። እግረኛ ወይም ፈረስ ካጋጠማችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ሄልሜታችሁን አውልቁ፣ አናግሯቸው። ፈረስ የሰው ድምፅ ሲሰማ ይረጋጋል።

ያ ጓደኛችን ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ቁርጭምጭሚቱ ድኗል፤ ከኔ በተሻለ ይነዳል። ይህን ታሪክ እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ አመሰግነዋለሁ። ነገ ጠዋት የመመለስ ልምምዱን ጀማሪዎቹን የሚያሳየው እሱ ነው። 1 ሰዓት ላይ እንነሳለን። የጎማችሁን ንፋስ ዛሬ ማታ አስተካክሉ፣ ፍሬናችሁን ፈትሹ፣ ውሃ ያዙ።

ጉባኤያችን መከፈቱን አበስራለሁ። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ ያንተ ነው።