ለወንዶች ልጆቻችን ቲሸርት ስንሰራ መጀመሪያ ውስጡን እንይ

እንዴት ናችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! አባቶችም ስለመጣችሁ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ይሄ ነገር ሁሌ የእናቶች ስራ ተደርጎ ነው ሚታየው፣ መቀስና ካውያ ደሞ ወንድ ሴት አይለዩም። ዛሬ ማወራችሁ ለትንንሽ ወንዶች ልጆች ቤት ውስጥ ቲሸርት ስለማስዋብ ነው፣ ትንንሽ ስል መዳህ ከጨረሱት ጀምሮ እስከ ሰባት ስምንት አመት ያሉትን ማለቴ ነው፣ ከዛ በላይ ያሉትማ እኛ ያልነውን መቼ ይለብሳሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው ሚመጣው። ቲሸርቱን ስትሰሩ መጀመሪያ ውስጡን አስቡ። ውጪውን ምናየው እኛ ነን፣ ፎቶ ምናነሳውም እኛ ነን፣ ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ሚውለው ከውስጡ ጋር ነው። ደረቱ ላይ እንደ ላስቲክ ሚለጠፍ ወፍራም ህትመት ካለበት፣ ወይ ከስፌቱ ጀርባ ሚኮሰኩስ ክር ካለ፣ አይነግራችሁም፣ አውልቆ አልጋ ስር ይወረውረዋል በቃ። እናንተ ደሞ "ይሄ ልጅ ለምንድነው ይሄን ቆንጆ ቲሸርት ማይለብሰው" እያላችሁ ትኖራላችሁ።

እንደውም ቲሸርት እራሱ አመጣጡ የውስጥ ልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 የአሜሪካ ባህር ሃይል ለመርከበኞቹ ከዩኒፎርም ስር ሚለበስ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ይሰጥ እንደነበር ይነገራል፣ ሰው በኋላ ነው ላዩን አውልቆ እሱን ብቻ ለብሶ መታየት የጀመረው። ማለትም ገና ከጅምሩ ቆዳ እንዲነካ የተሰራ ነገር ነው፣ እኛ ደሞ ላዩ ላይ ይሄን ሁሉ ነገር ስንከምርበት ያንን ባናጠፋበት ጥሩ ነው።

እሺ ወደ ስራው። መጀመሪያ ጨርቁ፣ መቶ ፐርሰንት ጥጥ ቢሆን እመርጣለሁ ምክንያቱም የጨርቅ ቀለም ጥጥን ይወዳል፣ የካውያ ሙቀትም ይችላል፣ ፖሊስተር ከበዛበት ግን ቀለሙ በደንብ አይገባም ካውያውም ከበዛ ጨርቁ ይበላሻል። ከዛ አዲሱን ቲሸርት ሳትነኩት በፊት እጠቡት፣ ማለስለሻ ሳትጨምሩ። ብዙ ሰው ይቺን ይዘላታል። አዲስ ልብስ ላይ ከፋብሪካ ሚቀር ማጠንከሪያ ነገር አለ፣ እሱ ቀለሙ ወደ ክሩ እንዳይገባ ይከለክለዋል፣ ሁለተኛ ደሞ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ስእሉን ከሰራችሁ በኋላ ከተሰበሰበ ዙሪያው ይጨማደዳል። መታጠቡ በቂ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት፣ ወዲያው ከጠጣው ዝግጁ ነው፣ ጠብታው እላዩ ላይ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ እንደገና ይታጠብ።

አሁን ስቴንስል፣ ማለትም ስእሉ ተቆርጦ የወጣለትን ወረቀት ጨርቁ ላይ አድርጎ በቀዳዳው ቀለም መቀባት፣ እኔ በጣም ምወደው እሱን ነው፣ ለጀማሪም እሱን ነው ምመክረው። አንድ በኩሉ በስሱ ፕላስቲክ የተቀባ ምግብ መጠቅለያ ወረቀት አለ፣ ፍሪዘር ፔፐር ነው ሚባለው፣ በሰም ከተነከረው ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ እሱ ሌላ ነው። ስእላችሁን በደብዛዛው በኩል ትስላላችሁ፣ በስል ምላጭ ትቆርጣላችሁ፣ ሚያብረቀርቀውን በኩል ጨርቁ ላይ አድርጋችሁ በደረቅ ካውያ ጥቂት ሰከንድ ትተኩሱታላችሁ፣ ይጣበቃል፣ ስትጨርሱ ደሞ ምንም ሙጫ ሳይተው ይላጣል። እሱ ካልተገኘ ጀርባው ሚጣበቅ የደብተር መሸፈኛ ፕላስቲክም ይሰራል፣ እሱን ግን ካውያ አታስነኩት።

ስም ምትጽፉ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፊደላችን ቀዳዳ ይወዳል፣ ዐ፣ መ፣ ወ፣ መሃላቸው ዝግ ነው። ፊደሉን ቆርጣችሁ ስታወጡት ያቺ የመሃሏ ክብ አብራ ትወጣና ትጠፋለች፣ ከዛ ወ ምትሉት ነገር ሁለት ጥቁር ድብልብል ሆኖ ይቀራል። ስለዚ እነዛን ትንንሽ ክቦች ስትቆርጡ አንድ ሳህን ላይ አስቀምጧቸው፣ ዋናውን ወረቀት ከተኮሳችሁ በኋላ አንድ በአንድ ቦታቸው ላይ አድርጋችሁ እነሱንም ተኩሷቸው።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ቲሸርቱ ውስጥ ካርቶን አስገቡ፣ ካለዛ ቀለሙ ወደ ጀርባው ያልፋል። ብሩሽ አትጠቀሙ፣ ስፖንጅ ነው ሚሻለው፣ ትንሽ ቀለም ነካ አድርጋችሁ ትርፉን ሌላ ወረቀት ላይ አራግፉና ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጋችሁ መታ መታ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ወደ መሃል እየሄዳችሁ። በጎን ከገፋችሁት ቀለሙ ከወረቀቱ ስር ይገባና ጠርዙ ይበላሻል። ሁለት ስስ ቀለም ከአንድ ወፍራም ይሻላል፣ መቼም ውስጡን አስቡ ብያለሁ፣ ወፍራሙ ነው ደረት ላይ ሚደርቀውና ሚሰነጣጠቀው። ጥቁር ወይም ደማቅ ሰማያዊ ቲሸርት ላይ ከሆነ ደሞ ተራው የጨርቅ ቀለም ውጦት ይቀራል፣ ጨርቁን በደንብ ሚሸፍን አይነት ፈልጉ፣ ወይም ስስ ነጭ አስቀድማችሁ ቀብታችሁ ሲደርቅ ሌላውን ከላይ አድርጉ።

አክሬሊክ ቀለም ብቻ ያላችሁም አትጨነቁ፣ ብቻውን ከቀባችሁት ይደርቅና እንደ ካርቶን ይሆናል፣ ግን ቀለሙ ጨርቅ ላይ እንዲለሰልስ አብሮት ሚደባለቅ ፈሳሽ አለ፣ ቴክስታይል ሚዲየም ሚባል፣ የልብስ ማጠቢያው ማለስለሻ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እጅ ቀለም ለአንድ እጅ መደባለቂያ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ግን አንብቡ። ከዛ 24 ሰአት ይድረቅ፣ ወረቀቱን ላጡ፣ ስስ ጨርቅ ከላይ ጣል አድርጋችሁ ያለ እንፋሎት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ካውያውን እያንቀሳቀሳችሁ ተኩሱ፣ ቀለሙ እጥበት እንዲችል ሚያደርገው እሱ ሙቀት ነው። ከዛም በኋላ ቢያንስ ሶስት ቀን ሳይታጠብ ይቆይ።

ሁለተኛው ጨርቅ ላይ ጨርቅ መለጠፍ ነው፣ አፕሊኬ ሚሉት። ለዚ ምርጡ ጨርቅ ቤት ውስጥ ያለው ያረጀ ቲሸርት ነው፣ ጀርሲ፣ ማለትም ሚለጠጠው የቲሸርት ጨርቅ፣ ስለሆነ ጠርዙ አይተረተርም፣ ለስላሳም ነው። በካውያ ሚጣበቅ ባለ ሁለት ፊት ሙጫ ወረቀት ታገኛላችሁ፣ እሱ ሚለጠፈው ከጨርቁ ጀርባ ስለሆነ ስእሉን ሙጫው ወረቀት ላይ ስትስሉት ገልብጣችሁ ነው ምትስሉት፣ ዳይኖሰር ከሆነ ወደ ግራ ቢያይ ወደ ቀኝ ቢያይ ግድ የለም፣ ስም ወይም ቁጥር ከሆነ ግን ሳትገለብጡ ከሰራችሁ ልጁ ስሙን በመስታወት ብቻ ነው ሚያነበው።

እዚ ጋ ብዙ ሰው ማያውቃት ዘዴ አለች። ስእሉ ትልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ የገልባጭ መኪና ጎማ፣ ሙጫውን ጨርቁ ላይ ከማጣበቃችሁ በፊት መሃሉን ቆርጣችሁ አውጡት፣ ዙሪያውን ብቻ ግማሽ ሴንቲሜትር ያክል ተዉት። ጠርዙ ይያዛል፣ መሃሉ ግን ጨርቅ እንደሆነ ይቀራል፣ አይገተርም። መሃሉ ሳይወጣ የቀረ ትልቅ አፕሊኬ የለበሰ ልጅ ቁጭ ሲል አይታችሁ ከሆነ ሆዱ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ ታውቃላችሁ።

ዙሪያውን በዚግዛግ ስትሰፉ መርፌው የጀርሲ ይሁን፣ ቁጥሩ 75/11 ይበቃል፣ ጫፉ ክብ ስለሆነ ክሮቹን ገፋ አድርጎ ነው ሚያልፈው፣ ተራው ሹል መርፌ ግን ክሩን ይበሳውና ከታጠበ በኋላ ትንንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ጨርቁ እንዳይለጠጥ ከስሩ ሚቀደድ ወረቀት አድርጉ፣ ስትጨርሱ ቀስ ብላችሁ ቅደዱት፣ የቀረው ቁርጥራጭ ካለ በመቆንጠጫ ልቀሙት። ከዛ እጃችሁን አስገቡና በክንዳችሁ ውስጠኛ ቆዳ ስፌቱን ነካ ነካ አድርጉት፣ መዳፍ ስራ ስለለመደ አይነግራችሁም። እናንተን ከኮሰኮሳችሁ እሱን ይቧጥጠዋል፣ ለስላሳ ሚጣበቅ ሽፋን ከጀርባው ተኩሱበት።

ከኮምፒውተር ታትሞ በካውያ ሚተላለፈው ወረቀትስ ትሉኝ ይሆናል። ይሰራል፣ ለልደት ቀን ወይ ለአንድ ፕሮግራም ይሆናል፣ እኔ ግን አልወደውም፣ አየር አያስገባም፣ ሚሮጥና ሚያልበው ልጅ ደረት ላይ ፕላስቲክ ነው ያደረጋችሁት። ከሰራችሁትም ትንሽ አድርጉት፣ ኪስ ምታክል ትበቃለች።

ከሶስት አመት በታች ላለ ልጅ ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ብልጭልጭ፣ ሚንቀሳቀስ የአይን ፕላስቲክ ምናምን አትስፉ፣ አትለጥፉም። አሜሪካ ውስጥ የአሻንጉሊት ክፍሎች ሚለኩበት ትንሽ ሲሊንደር አለ፣ ስፋቱ 3.17 ሴንቲሜትር ነው፣ እዛ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሚገባ ነገር ያንቃል ተብሎ ለዚ እድሜ ይከለከላል። አይን ከፈለጋችሁ በክር ጥለፉት ወይም በቀለም ሳሉት። አንገት ላይ ክር፣ ሪባን፣ ማሰሪያም ይቅር። በበረኪና ጥቁር ቲሸርት ላይ ስእል ማውጣት ምትወዱም አላችሁ፣ ያምራል አልክድም፣ ግን ልጆች በሌሉበት፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ ነው፣ ደሞ በረኪናውን ለማቆም ብላችሁ በፍጹም አቼቶ አታፍሱበት፣ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ነው ሚወጣው።

ምን እንሳልስ? እሱን ልጁን ጠይቁት። ወንድ ስለሆነ መኪና ብላችሁ አትወስኑ፣ ቀንድ አውጣ ሊል ይችላል፣ መጥረጊያ ሊል ይችላል፣ ይሁንለት። ቀለምም እንደዛው፣ እ.ኤ.አ. በ1918 አንድ የአሜሪካ የህጻናት ልብስ ንግድ መጽሔት ሮዝ ጠንከር ያለ ቀለም ስለሆነ ለወንድ፣ ሰማያዊ ረጋ ያለ ስለሆነ ለሴት ብሎ ነበር፣ ዛሬ እኛ ደሞ ግልባጩን ይዘን እንምላለን። ከሁሉ በላይ ሚወዱት ግን የራሳቸውን ስእል ነው፣ ወረቀት ላይ የሞነጫጨረውን ጭራቅ ሳታስተካክሉት፣ አምስት እግር ካለው ከነአምስት እግሩ፣ እንዳለ ስቴንስል አድርጉት። "ይሄን እኔ ነኝ የሳልኩት" እያለ ለሁሉም ሲያሳይ ነው ሚውለው።

ቦታውም አይረሳ፣ የአዋቂ ቲሸርት እያሰብን ስእሉን ወደ ሆድ እናወርደዋለን። ለሶስት አራት አመት ልጅ ከአንገቱ በታች 4 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይጀምር፣ ወርዱም ከ15 ሴንቲሜትር አይብለጥ፣ ካለፈ ወደ ብብቱ ይሄዳል። መጀመሪያ ቲሸርቱን አልብሳችሁት ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለኩት፣ ዝም ብሎ ከቆመላችሁ ማለቴ ነው።

ሲታጠብ ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሲተኮስም ከውስጥ በኩል። ሲጠበው ደሞ አትጣሉት፣ ስእሉን ዙሪያውን አንድ ጣት ያህል ትርፍ አድርጋችሁ ቁረጡና ተለቅ ያለ ቲሸርት ላይ አፕሊኬ አድርጉት፣ ውስጡን እንደነገርኳችሁ እያያችሁ። ጠረጴዛው ላይ ካርቶን፣ ስፖንጅና የታጠቡ ቲሸርቶች አሉ፣ ካውያዎቹ ከኋላ ናቸው፣ ልጆቹን ከነሱ አርቁልኝ። ጥያቄ ያለው እየሰራን ይጠይቀኝ፣ አመሰግናለሁ!